«ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ»፦ ፈላስፎች «እኔ» የሚለውን ቃል እንዴት ተረዱት?

በጎጃም ገጠር በድንበር የተካሰሱ ጎረቤታሞች ከሽማግሌ ፊት ሲቀመጡ፣ ለምስክርነት የተጠራ አዛውንት ቃሉን ብዙውን ጊዜ «እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ወሰኑ ይች ዋርካ ናት» ብሎ ይጀምራል። አነጋገሩ የተለመደ ስለሆነ ማንም ቆም ብሎ አይመረምረውም፤ ሽማግሌዎቹም ጉዳያቸው መሬቱ ነውና በቀጥታ ወደ ዋርካዋ ያልፋሉ። ይሁን እንጂ በዚያች አጭር ሐረግ ውስጥ ፈላስፎች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የተከራከሩባቸው ሦስት ነገሮች እንደ ዋዛ ተነግረዋል። አንደኛ፣ «እኔ» የሚባል ነገር አለ። ሁለተኛ፣ ይህ «እኔ» ከሥጋው ጋር አብሮ አልተወለደም፤ ሕፃኑ ጠብቶ፣ ድኾና ቆሞ ሄዶ ከቆየ በኋላ አንድ ቀን «ነፍስ አወቀ»። ሦስተኛ፣ ያን ጊዜ ዋርካዋን ያየው እረኛ ልጅና ዛሬ ምርኩዙን ተደግፎ የሚናገረው ሽማግሌ አንድ ሰው ናቸው፤ አንድ ሰው ባይሆኑ ኖሮ ምስክርነቱ የሰሚ ሰሚ ይሆን ነበር። ፈላስፎች ስለ «እኔ» ሲናገሩ ብዙ ጊዜ የሚጣሉ የሚመስሉት አንዱ የመጀመሪያውን፣ ሌላው የሦስተኛውን ጥያቄ እየመለሰ ስለሆነ፣ አንባቢ አስቀድሞ ይህን ልዩነት ቢይዝ ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

ቃላቱም ራሳቸው ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ አንድ ብቻ ቃል የለውም። «ራሱን ሳተ» ስንል ራስ ማለት ንቃት ነው፤ «ራሱን ቻለ» ስንል ግን ኑሮው ነው። «ልብ ገዛ» የተባለ ወጣት ያገኘው ማስተዋልን ነው። «አካል» በዕለት ንግግር ገላ ማለት ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን «እኔ» ብሎ የሚናገረውን ባለቤት ያመለክታል፤ ስለዚህም በጎጃም ጉባኤ ቤቶች የተማረ ሰው አካልንና ባሕርይን አንዱን በሌላው ቦታ አይጠቀምም። «ማንነት» የሚለው ቃል ደግሞ በዘመናችን የወገንና የትውልድ ጉዳይ ስለተጫነው፣ እዚህ በአመዛኙ «እኔነት» የሚለውን መርጫለሁ። አማራጩ እንከን የለሽ ነው ለማለት አልደፍርም።

ከግሪኮቹ ብንጀምር፣ የአፍላጦንን (ዛሬ ፕላቶ የምንለውን) ሐሳብ ለቅኔ ተማሪ ማስረዳት ቀላል ነው። ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ ከወርቅ አንጥረኛ ሥራ መምጣቱ ይነገራል፤ አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ መጀመሪያ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያፈስሰዋል፣ በባዶው ቦታ ወርቁን ይሞላል። ለአፍላጦን ሥጋ ሰም፣ ነፍስ ወርቅ ናት። መምህሩ ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 በአቴና ሞት ተፈርዶበት መርዙን ሊጠጣ ሲል፣ ወዳጁ ክሪቶን «እንዴት አድርገን እንቅበርህ?» ብሎ እንደጠየቀው አፍላጦን ጽፏል። ሶቅራጥስ «ከያዛችሁኝ እንደወደዳችሁ» በሚል መንፈስ እየሳቀ መለሰለት፤ የምትቀብሩት ሬሳዬን ነው፣ እኔ ግን ሬሳዬ አይደለሁም ማለቱ ነው። በሌላ መጽሐፉ ደግሞ ይኸው አፍላጦን ወርቋ ራሷ አንድ ወጥ እንዳልሆነች፣ በውስጧ ማሰብ፣ ቁጣና ምኞት እንደሚሻሙ ያሳያል። አንድ ሰው «ከራሴ ጋር ተጣላሁ» ሲል ተጣዮቹ እነማን ናቸው ለሚለው ይህ የመጀመሪያው የተብራራ መልስ ሳይሆን አይቀርም።

የአፍላጦን ተማሪ አርስጣጣሊስ (ዛሬ አሪስቶትል የምንለው) ግን በዚህ አልተስማማም፤ እኔም በግሌ ከሁለቱ ወደ እርሱ አዘነብላለሁ። ለአርስጣጣሊስ ነፍስ በሥጋ ውስጥ የገባች ሌላ ነገር ሳትሆን የሕያው ሥጋ ሥርዓትና ችሎታ ናት። ምሳሌው አጭር ነው፦ ዓይን ብቻውን እንስሳ ቢሆን ኖሮ ነፍሱ ማየት ይሆን ነበር። ማየትን ከዓይን አውጥቶ ለብቻው ማስቀመጥ የሚቻለው የለም። እንግዲህ የአፍላጦን ሰው ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ የሚተርፍለት ከሆነ፣ የአርስጣጣሊስ ሰው የሚመስለው ኅብር ቅኔን ነው። በኅብር አንዱ ቃል ሁለቱን ፍቺ ይሸከማል፤ ቃሉን ከሰረዝነው ወርቁም አብሮ ይሰረዛል።

ሕንድ ውስጥ ክርክሩ ከዚህም ራቅ ብሎ ሄዷል። ኡፓኒሻድ የተባሉት የጥንት የሕንድ መጻሕፍት መምህራን ከሚለዋወጠው ሁሉ ሥር የማይለወጥ፣ «አትማን» የተባለ እውነተኛ እኔነት እንዳለ አስተማሩ። ቡድሃ ይህንን ካደ፤ ሰው የምንለው የአካል፣ የስሜት፣ የግንዛቤ፣ የፍላጎትና የንቃት ስብስብ ነው፣ ከስብስቡ ጀርባ የተቀመጠ ባለቤት ግን አይገኝም አለ። መነኩሴው ናጋሴና ከግሪክ ወገን ከነበረው ከንጉሥ ሚሊንዳ ጋር ያደረገው ጭውውት ይህንኑ ያሳያል። ናጋሴና ንጉሡ በሠረገላ መምጣቱን ካረጋገጠ በኋላ፣ ሠረገላው መንኮራኩሩ ነው ወይ፣ ዘንጉ ነው ወይ፣ ቀንበሩ ነው ወይ እያለ አንድ በአንድ ጠየቀው። ንጉሡ ለሁሉም «አይደለም» አለ። ታዲያ «ሠረገላ» የሚለው ቃል ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ የምንሰጠው ስም ብቻ ከሆነ፣ «ናጋሴና» የሚለውም እንዲሁ ነው ተባለ። ይህ ሐሳብ በአውሮፓ ተመሳሳይ ቅርጽ ይዞ እስኪነሣ ድረስ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል።

ወደ ውስጥ ተመልክቶ «እኔን» መፈለግን በተመለከተ ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዱ አፍሪካዊ ነው። በዛሬዋ አልጄሪያ በ354 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተወለደው አውግስጢኖስ የገዛ ትዝታውን እንደ ሰፊ አዳራሽ እየዞረ መረመረ፤ ለሚጠራጠሩትም «ብሳሳት እንኳ አለሁ» ብሎ መለሰላቸው፤ የሌለ ሰው ሊሳሳት አይችልምና። ከ980 እስከ 1037 የኖረው ፋርሳዊው ሐኪም ኢብን ሲና ደግሞ አንድ እንግዳ ሰው እንድናስብ ጠየቀ። ይህ ሰው ድንገት ሙሉ ሆኖ ተፈጥሮ በአየር ላይ ተንሳፍፏል፤ ዓይኑ ተሸፍኗል፣ እጆቹና እግሮቹ እርስ በርስ አይነካኩም፣ የሚሰማው ድምፅም ሆነ የሚዳስሰው ነገር የለም። ሥጋ እንዳለው እንኳ አያውቅም። ሆኖም መኖሩን ያውቃል፤ ስለዚህ፣ ይላል ኢብን ሲና፣ መኖሩን ያወቀው ነገር ሥጋው አይደለም።

ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት በ1637 «አስባለሁ፣ ስለዚህ አለሁ» ብሎ የጻፈው ከእነዚህ ብዙ ዘመን በኋላ ነው። የእርሱ አዲስነት አረፍተ ነገሩ ላይ ሳይሆን የእውቀትን ሁሉ መሠረት በእርሱ ላይ ለማቆም መድፈሩ ነው። የሚያስብ ነገርና ቦታ የሚይዝ ነገር ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው ብሎ ደመደመ። በ1643 የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ በደብዳቤ ቀላል የምትመስል ጥያቄ አቀረበችለት፦ ነፍስ ቦታ የማትይዝ ከሆነች እጅን እንዴት ልታንቀሳቅስ ትችላለች? የሚገፋ ነገር የሚገፋውን መንካት አለበትና። ዴካርት ደጋግሞ ጻፈላት፤ መልሶቹን ሳነብ ግን ልዕልቲቱ እንዳልረካች በሚገባ ይገባኛል። በእኛም አገር በ1667 እንደተጻፈ የሚናገረው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ሰው ሁሉ በተሰጠው ልቡና ራሱ እንዲመረምር ይጠይቃል። ሐተታው የዘርዐ ያዕቆብ ነው ወይስ በ19ኛው መቶ ዓመት በኢትዮጵያ የነበረው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የጻፈው ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ስላልተዘጋ፣ ከዴካርት ጋር የሚያወዳድሩትን ሰዎች ያህል ለመቸኮል አልፈልግም።

ከሽማግሌዎቹ ጉባኤ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው ፈላስፋ እንግሊዛዊው ጆን ሎክ ነው። ሎክ በ1694 በወጣው የዋና መጽሐፉ ሁለተኛ እትም ላይ ስለ ማንነት አንድ ምዕራፍ አከለ። እዚያም «ሰው» የሚለውን ከ«ባለ እኔነት» ለየ። ሰው እንደ ማንኛውም እንስሳ ሕይወት ያለው ሥጋ ነው፤ ባለ እኔነት ግን ራሱን በተለያየ ጊዜና ቦታ «ያው እኔ» ብሎ ሊያስብ የሚችል አሳቢ ነው። የአንድ ልዑል ንቃት ከነትዝታው ሁሉ ወደ አንድ ጫማ ሰፊ ገላ ቢገባ፣ ጎረቤት የሚያየው ጫማ ሰፊውን ነው፤ ለልዑሉ ሥራ ተጠያቂው ግን አሁን በዚያ ገላ ውስጥ ያለው ነው። የእኔነት ወሰኑ ንቃት እስከ ደረሰበት ድረስ ነው ማለት ነው፤ የእኛው ምስክር «ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ» ብሎ የምስክርነቱን ድንበር ያሰመረው በዚሁ መስመር ላይ ነው። ሎክም ቃሉ የፍርድ ቃል ነው ይላል፤ ማን ይመሰገን፣ ማን ይቀጣ ለማለት የሚያስፈልግ ቃል።

ወዲያውም ከባዱን ጉዳይ ያነሣል። ሰክሮ ሰው የፈነከተ፣ በማግሥቱም ምንም የማያስታውስ ሰው ይቀጣ ወይ? በሠርግ ቤት አረቄ የተራገጠበትን ጠብ ለማብረድ የተቀመጠ ሽማግሌ ሁሉ «አላስታውስም» የሚለውን መልስ ያውቀዋል። ሎክ እንደሚለው የምድር ዳኛ እውነተኛውን መርሳት ከአስመሳዩ መለየት ስለማይችል ይቀጣዋል፤ የልብ ምሥጢር ሁሉ በሚገለጥበት በታላቁ ቀን ግን ማንም ስለማያውቀው ነገር አይጠየቅም። ይህን ሐሳብ ለአንድ አዛውንት ዘመዴ ባወራለት «ታዲያ ጠጥቶ ማጥፋት በሰማይ ነጻ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁ ውስጥ ቁም ነገር አለ፤ የሎክ ተቺዎችም ከዚህ ብዙ አልራቁም።

ከሁሉም የሚጠነክረው ስኮትላንዳዊው ቶማስ ሪድ በ1785 ያቀረበው ተቃውሞ ነው። እርሱ የተናገረው ስለ አንድ ወታደር ነበር፤ እኛ ግን ስለ ቆሎ ተማሪ እናውራ። አንድ ልጅ አኮፋዳውን አንግቦ ከቤቱ ወጥቶ ሲሄድ ከሰው ማሳ እሸት ሰርቆ ይገረፋል። በሃያ አምስት ዓመቱ በጉባኤው መካከል ቅኔ ዘርፎ ይደነቃል፤ ያን ጊዜ ግርፋቱን ያስታውሳል። በሰማንያ ዓመቱ የታወቁ መሪጌታ ሆነው ያን የቅኔ ቀን ያስታውሳሉ፤ የእሸቱን ግርፋት ግን ጨርሰው ረስተዋል። በሎክ ሕግ መሪጌታው ከወጣቱ ጋር አንድ ናቸው፤ ወጣቱም ከልጁ ጋር አንድ ነው፤ መሪጌታው ግን ከልጁ ጋር አንድ አይደሉም። ይህ ደግሞ ሊሆን አይችልም። የሎክን ሐሳብ ለማዳን የፈለጉ የኋላ ሰዎች እኔነትን እንደ ቃጫ ገመድ እንድናየው ጠየቁ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ አንድ ነጠላ ቃጫ የለም፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ቀጣዩን ይዞ ስለሚገመድ ገመዱ አንድ ነው።

ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም ግን ከሪድ ቀድሞ ገመዱንም ፈትቶት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው በ1739 ማሳተም በጀመረው ሥራው፣ ወደ ራሴ ውስጥ በገባሁ ቁጥር የማገኘው ሙቀት ወይም ብርድ፣ ፍቅር ወይም ጥላቻ፣ ሕመም ወይም ደስታ ነው፤ እነዚህን የሚሰማ «እኔ»ን ግን ብቻውን ይዤው አላውቅም አለ። እኔነት ባለቤት የሌለው የስሜቶች እቅፍ ነው ማለቱ ነበር፤ ነፍስንም አባላቷ እየተለዋወጡ ከምትቀጥል አገር ጋር አመሳሰላት። ለእኛ ቀፎ ይቀርበናል። በሥራ ወቅት የሠራተኛ ንብ ዕድሜ ጥቂት ሳምንታት ነው፤ ከዛፉ ላይ የተሰቀለውን ቀፎ ግን «የአባቴ ቀፎ» እያልን ዓመታት እንቆጥራለን። «አውራው አለ አይደል?» የሚል ሰው ይኖራል፤ አውራውን ነፍስ ማድረጉ ነው። ንብ አርቢ ግን አውራውም ሞቶ በሌላ እንደሚተካ ያውቃል። ሂዩምን ከብዙዎቹ አስበልጬ የማከብረው ግን በሚቀጥለው ዓመት ባወጣው ተጨማሪ ጽሑፍ፣ የተበተኑትን ስሜቶች አንድ የሚያደርጋቸው ምን እንደሆነ ማስረዳት እንዳቃተው፣ መውጫው በጠፋበት መንገድ ውስጥ መግባቱን በግልጽ ስለተናገረ ነው።

ይህንን ክፍተት ጀርመናዊው አማኑኤል ካንት በ1781 ያዘው። አጻጻፉ ከባድ ነው፤ አንድ ምሳሌው ግን ለጎጃም ሰው የተሰናዳ ይመስላል። የአንድ ግጥም ቃላት ለተለያዩ ሰዎች አንድ አንድ ተከፋፍለው ቢደርሱ፣ ከመካከላቸው ግጥሙን የሰማ የለም። ሁለት ቤት ብቻ ያለውን ጉባኤ ቃና የመጀመሪያውን ቤት አንዱ ተማሪ፣ ሁለተኛውን ሌላው ቢሰማ፣ ወርቁ ለማንም አይወጣም። ስለዚህ ማሰብ ከተባለ ክፍሎቹን በአንድነት የሚይዝ «እኔ አስባለሁ» ከእያንዳንዱ ሐሳብ ጋር ሊኖር ይገባል። ካንት ግን እዚህ ላይ ይጠነቀቃል፤ ይህ አንድነት የማሰብ ቅድመ ሁኔታ መሆኑ፣ የማትከፈልና የማትሞት ነፍስ መኖርዋን አያረጋግጥም ይላል። በሌላ አነጋገር፣ ሂዩም ያልያዘው «እኔ» የሚያዝ ዕቃ ስላልሆነ ነው።

እስካሁን የተጠቀሱት ሁሉ «እኔ»ን ብቻውን አስቀምጠው ነው የመረመሩት። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል በ1807 ይህን አፈረሰው፤ ንቃት ራሱን የሚያገኘው ሌላ ንቃት ሲያውቀውና ሲቀበለው ብቻ ነው አለ። ኬንያዊው ጆን ምቢቲ በ1969 በታተመው መጽሐፉ የአፍሪካውያንን አስተሳሰብ «እኛ ስላለን እኔ አለሁ» በሚል ቃል ገለጸው። በጎጃም መንገድ ላይ የተገናኘ ሽማግሌ «ማን ነህ?» ካለ በኋላ ስሙን እንኳ ሳያጣጥም «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ መቀጠሉ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ይሁን እንጂ ይህን ሐሳብ የሚያወድሱ ብዙ ጊዜ የሚዘልሉት ጎን አለው። ሌላው ሰው የሚሰጠኝ እኔነት በረከት ብቻ አይደለም። ሰምና ወርቅ የሚለውን ምሳሌ ለቅኔ ያዋሰው በእሳትና በብረት የሚሠራ ባለ እጅ ነው፤ ይኸው አገር ግን ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ሲንቅ፣ «ቡዳ» እያለ በጋብቻም በማዕድም ሲያርቅ ኖሯል። ሄግል ስለ ጌታና ሎሌ ሲጽፍ ጌታው ከናቀው ሰው የሚያገኘው ክብር ባዶ እንደሆነ፣ ሎሌው ግን በእጁ ሥራ ውስጥ ራሱን እንደሚያይ ተናግሯል።

የሕክምናው ዓለም የጨመረውን በአጭሩ ልለፈው። በ1848 በአሜሪካ የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ የነበረው ፊኒያስ ጌጅ የብረት ዘንግ ጭንቅላቱን በስቶት ወጣ፤ ተረፈ፤ የሚያስታውስና የሚናገር ነበር፤ ወዳጆቹ ግን ጠባዩ ስለተለወጠባቸው ጌጅ ጌጅ አይደለም አሉ። ትዝታ ሳይጠፋ ሰው ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው፤ ለሎክ ይህ ሌላ ራስ ምታት ነው። እንግሊዛዊው ዴሬክ ፓርፊት በ1984 ደግሞ ሰውን ቅንጣት በቅንጣት መዝግቦ፣ እዚህ ያለውን አጥፍቶ፣ ማርስ ላይ በአዲስ ቁስ መልሶ የሚሠራ መሣሪያ እንድናስብ ጠየቀ። ማርስ ከራቀን፣ ደብረ ማርቆስ ገብቼ ባሕር ዳር ብወጣ እንበል፤ የወጣው እኔ ነኝ ወይስ ግልባጬ? መሣሪያው ተበላሽቶ ሁለታችንንም ቢያተርፈንስ? ፓርፊት ጥያቄው ሁልጊዜ መልስ ላይኖረው እንደሚችል፣ ዋናው ነገርም የትዝታና የጠባይ መቀጠል እንጂ «ያው እኔ» መሆን እንዳልሆነ ደመደመ፤ ቡድሃም በዚህ ይስማማ ነበር ብሎ ጽፏል።

ይህን ሁሉ ሳነብ ወደ አእምሮዬ የምትመጣው በመጨረሻዎቹ ዓመታቷ ትዝታዋ የተበተነባት አያቴ ናት። የልጆቿን ስም አጣች፣ ቤቷን የሰው ቤት ነው አለች፤ ቡና ሲቀርብ ግን እጇን ዘርግታ መመረቅ አልተወችም፣ ምርቃቱንም አንድ ቃል አታጎድልም ነበር። እንደ ሎክ ከሆነ ባለ እኔነቷ ከእኛ በፊት ሄዷል። እንደ አርስጣጣሊስ ከሆነ በዘረጋችው እጅ ውስጥ ነበረች። እኛም «አያ እገሌ ልጅሽ ነው» እያልን የጎደላትን ስንሞላላት፣ ገመዱን ከውጭ በኩል እየገመድንላት ነበር። እኔን በሟቹ ወንድሟ ስም ትጠራኝ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ አርማት ነበር፣ ኋላ ግን «አቤት» እላት ጀመር።